ዘጠና አራት ዛጎል

ማራኪን ቤተክርስቲያን ውስጥ «የዛጎል ዘበኛ» ይሏት ነበር። ፊት ለፊት የሚላት ግን አልነበረም፤ ምላሷን ያውቁታላ። አንድ ጊዜ የኳየሩ ሰብሳቢ ደፍሮ፣ «ለመሆኑ ዘበኝነቱ የቀን ነው የማታ?» ቢላት፣ «የቀን ነው፤ ዛጎሎቹ እንዳንተ ያለ ሰዓታቸው አይጮሁም» ብላው ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲስቅበት ከረመ።

ሀያ አራት ዓመቷ ነው። በዲቪ ከእናቷ ጋር ኮሎምበስ ስትገባ አሥራ ሰባት ነበረች፤ አሁን ሂልቶፕ ውስጥ፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብላ ባለች ጠባብ ቤት ይኖራሉ። በሳምንት አራት ቀን ዌርሃውስ ካርቶን ታሽጋለች። የቀሩትን ሦስት ቀናት ወንዝ ውስጥ ናት። የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠችም። የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ከላይብረሪ በተዋሰቻቸው መጻሕፍት፣ በዩቲዩብ፣ የቀረውን ደግሞ ሰው እስኪሰለቻት በመጠየቅ ነው። «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «ማን ይከለክለኛል?» ትላለች።

ከሂልቶፕ ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢነዱ ከተማው ያልቅና የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ይጀምራል። በእርሻው መሀል እንደ መቀነት የተጠመጠመ ጫካ አለ፤ ሲካሞር ቤንድ ይባላል። ጫካው የሚጠበቀው ለራሱ ብቻ አይደለም። በመሀሉ ለሚያልፈው ወንዝ ጥላ እንዲሆነው፣ ከእርሻው የሚወርደውን አፈርና ማዳበሪያ እንዲያስቀርለት ነው። ወንዙም በተራው የሚጠበቀው ከሥሩ፣ ጠጠር ውስጥ ለተቀበረች፣ ከእንቁላል ለማትበልጥ አንዲት እንስሳ ሲባል ነው።

እንስሳ መሆኗን ለማስረዳት የማራኪ ደም ስንት ጊዜ ፈልቷል! ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ናት። ዓይን የላትም፤ ራስ የላትም፤ አንድ እግር ብቻ አላት፣ እሱንም ጠጠር ውስጥ መቀበሪያ ታደርገዋለች። አሜሪካኖቹ ስሟን «ስናፍቦክስ» አሏት፤ ማራኪ ወደ አማርኛ ብትመልሰው «የሱረት ዕቃ» ሆነና አማኞቹን ግማሹን አሳቀ፣ ግማሹን አስኮረፈ። ሥራዋን ስትነግራቸው ግን ሁሉም ጆሮ ይሰጣሉ። ሴቷ በመውለጃዋ ወራት ክዳኗን ከፈት አድርጋ ትጠብቃለች። ጠጠር እየገለበጠች ምግብ የምትፈልግ ትንሽ ዓሣ መጥታ አፍንጫዋን ስታስገባ፣ ጥርቅም! ጭንቅላቷን ትይዛታለች። ዓሣዋ ስትንፈራገጥ ዛጎሊቱ ዱቄት የመሰሉ ልጆቿን ስንጥቧ ላይ ታራግፍባታለች። ከዚያ ትለቃታለች። ልጆቹ በዓሣዋ ታዝለው ሰንብተው፣ ራሳቸውን ሲችሉ ወርደው ጠጠር ውስጥ ይገባሉ።

«ራስ የላትም ትላላችሁ» ትል ነበር ማራኪ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ራስ ያለውን ይዛ ልጆቿን ታሳዝላለች!»

ግድብ፣ ጭቃና የእርሻ መድኃኒት እነዚህን ዛጎሎች ከዚህ ወንዝ ካጠፏቸው ብዙ ዓመት ሆኖ ነበር። ባለፈው መስከረም የሲካሞር ቤንድ ጥበቃ ቢሮ መቶ ስልሳ ዛጎል ከሌላ ስቴት አስመጥቶ፣ አንድ በአንድ በእጅ ተከላቸው። በያንዳንዷ ጀርባ ጥፍር የምታክል ቢጫ ቁጥር ተለጠፈባት። በሚያዝያው ቆጠራ መቶ ሃምሳ አንዱ በሕይወት ተገኙ።

የሥራው ኃላፊ ዴብ የምትባል፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ቃል የምትሰስት ሴት ናት። ባለፈው ወር ማራኪን ጠርታ በአንድ ትንፋሽ ያን ሁሉ ስትናገር ማራኪ እንኳ ደንግጣ ነበር። «ነሐሴ መጨረሻ፣ ሰኞ ቀን የስቴቱ ሰው ለቆጠራ ይመጣል። ቢያንስ መቶ ሠላሳ በሕይወት ካገኘ ስድስት መቶ ተጨማሪ ይሰጡናል። ከዚያ ካነሰ ሥራው ይዘጋል። ስድስት መቶው ከመጣ የቡድን መሪ እቀጥራለሁ። ዲግሪ ያለው ሰው ፈልጊ ይሉኛል። እኔ ሌላ ሰው አስቤያለሁ።» ብላ ዓይኗን ማራኪ ላይ ጣለች።

የማራኪ ልብ ከዚያ ቀን ወዲህ አበጠ። ያበጠ ልብ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል።

እንደ ማራኪ በነጻ የሚያገለግል ቮለንቲር መጀመሪያ ቀን የሚፈርምበት ወረቀት አለ። አንደኛው ሕግ፦ ዛጎሎቹ ያሉበትን ቦታ ለማንም አትናገር። ወንዙ ዳር ምልክት የለም፤ አጥርም የለም፤ ምልክት ለሌባ መንገድ ማሳየት ነውና። ማራኪም ለማንም አልተናገረችም። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ እሑድ ግን፣ በምስክርነት ሰዓት፣ አሥር ደቂቃና ፕሮጀክተር ለመነች። ግድግዳው ላይ የገዛ ፎቶዋን አበራችው፦ የጎማ ሱሪ ለብሳ፣ ወንዝ ውስጥ ቆማ፣ መዳፏ ላይ ዛጎል ይዛ፤ ከበስተጀርባዋ ቀይ የብረት ድልድይ ይታያል።

«ይህቺ እንስሳ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ አትኖርም» አለች፤ «እሷ ካለች ውሃው ንጹሕ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ከዚህ የጠራ ወንዝ ካለ አሳዩኝ!»

ተጨበጨበላት። ከፊት ወንበር ጋሽ ግርማቸው እጃቸውን አወጡ። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ ግንበኛ ነበሩ፣ አሁን ዋይትሆል ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ።

«የኔ ልጅ፣ ውሃው ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?»

«ጉልበት ድረስ ነው ጋሼ፤ አንዳንድ ቦታ ወገብ ይደርሳል።»

«ጎሽ!» አሉና ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ማራኪ በጥያቄው ደስ አላት። ሰው ለሥራዋ ግድ ሲኖረው ትወዳለች።

የጋሽ ግርማቸው ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ቤተክርስቲያኑ እስከዚያ ድረስ የሚያጠምቀው ፓርኪንግ ሎቱ ላይ፣ በፓምፕ በሚነፋ የልጆች መዋኛ ገንዳ ነበር። እትዬ ላቀች፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ጌታን ከተቀበሉ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ገንዳውን አንዴ አይተው፣ «እኔ ዶልፊን የተሳለበት ውስጥ አልጠመቅም! ዮርዳኖስ ባይሆን ወንዝ ይሁን» ብለው እምቢ አሉ። ጋሽ ግርማቸውም ለእትዬ ላቀች የሚሆን ወንዝ ሲያጠያይቁ ነው የከረሙት። ማራኪ ደግሞ ከኦሃዮ ሁሉ የጠራውን ከነፎቶው አሳየቻቸው።

ቆጠራው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ጥምቀት እንዳለ ማራኪ ሰምታለች፤ የት እንደሆነ ግን አታውቅም። የቤተክርስቲያኑን የቴሌግራም ግሩፕ፣ በየማለዳው የሚላከው የጽጌረዳ ስዕል አላስቀምጥ ሲላት፣ ሚውት ካደረገችው ቆይታለች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግሩፑን ከፈተችና የተላከውን ሎኬሽን ስትነካው፣ ስልኳ ዓይኗን ጨፍና የምትሄድበትን መንገድ ያሳያት ጀመር። መጀመሪያ ስልኳ የተሳሳተ መሰላት። ከብሮድ ስትሪት ወጥታ በእርሻዎቹ መሀል ስትታጠፍ ፍጥነት ጨመረች።

ቀዩ ድልድይ አጠገብ ካለው የሽርሽር መጠለያ መዝሙር ይሰማል። ጋሽ ግርማቸው መጠለያውን በደንቡ መሠረት ሪዘርቭ አድርገዋል፤ በዚያ በኩል አንድም ስሕተት የለባቸውም። አሥራ አንድ ተጠማቂዎች ከልብሳቸው በላይ ረጅም ነጭ ቀሚስ ደርበው ተሰልፈዋል። ከመጠለያው እስከ ወንዙ ድረስ አዲስ መንገድ ተጠርጓል። የመንገዱ ጠርዝ በግራና በቀኝ በትንንሽ ነገር ተከቧል። ማራኪ ጠጠር መስሏት ቀረበች። ጠጠሩ ቢጫ ቁጥር አለው።

«ማራኪዬ! ነይ እስቲ እዪው!» ጋሽ ግርማቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ፊታቸው ወዝቶ መጡ። «ደረጃ ሠራሁ፣ ሦስት እርከን! የእትዬ ላቀች ያ የተቀየረ ጉልበት እንዳይንሸራተት ብዬ ከልጆቹ ጋር ትልልቁን ድንጋይ አወጣን፤ ታቹን በሬክ እየቧጠጥኩ ደለደልኩት። ጠርዙን ባንቺ ዛጎል አስጌጥኩልሽ። ቁጥርም አላቸው እኮ! በተራ ልደረድራቸው አስቤ ሰዓት አነሰኝ።»

ማራኪ መንገዱ ዳር ተንበረከከች። በግራ አርባ ሰባት፣ በቀኝ አርባ ሰባት፤ ዘጠና አራት ዛጎል የነሐሴ ፀሐይ ላይ። አብዛኞቹ አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘግተዋል። ጥቂቶቹ ግን ከፈት ማለት ጀምረዋል፤ የደከመ ዛጎል ነው እንዲያ የሚሆነው።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያወጣችኋቸው?»

«ከአንድ ሰዓት ጀምሮ።»

«ሦስት ሰዓት!» ተነሥታ ቆመች። «ጋሼ፣ እነዚህ እየሞቱ ነው!»

«ምኑ ነው የሚሞተው? ድንጋይ አይደለም እንዴ?»

«ያን እሑድ ስናገር ሰምተውኛል ወይስ እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር?»

«ሰምቻለሁ እንጂ! ንጹሕ ውሃ ነው አልሽ። ንጹሕ ውሃ ከተገኘ ለማን ሊሆን ነው ታዲያ? ለቀንድ አውጣ ነው ለጌታ?»

«ቦታውንስ ማን ነገረዎት?»

«አንቺ ነሻ!» አሉ ጋሽ ግርማቸው፣ በጥያቄዋ ተገርመው። «ቀዩን ድልድይ ከጀርባሽ አሳየሽን። እኔ የመጦሪያውን አረጋውያን በየወሩ በቫን የማንሸራሽረው በዚያ ድልድይ ነው።»

ንዴቷ መውረጃ ፈልጎ ጋሽ ግርማቸው ላይ ሊያርፍ ሲል፣ ዞሮ ራሷ ላይ አረፈ። እሳቸው ያደረጉት በደግ ልብ ነው። እሷ ያደረገችው ለመታየት ነው።

ልቧ ስሌቱን ሠራው። መቶ ሃምሳ አንድ ነበሩ። ከነዚህ ዘጠና አራት ውስጥ ሀያ ሁለቱ ከሞቱ ቁጥሩ ከመቶ ሠላሳ ይወርዳል። ስድስት መቶው አይመጣም፤ ወንዙም ዛጎል አልባ ሆኖ ይቀራል፤ ሥራዋም አበቃ።

ሰው ተሰበሰበ። ነገሩ ሲገባቸው ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳት እንደሆኑ፣ ያለ ፐርሚት የነካቸው በሕግ እንደሚጠየቅ ማራኪ ስትነግራቸው፣ ድንጋይ ካወጡት ወጣቶች አንዱ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ሲቲዝንሺፕ አፕላይ አድርጌያለሁ!» አለ፣ የእጁን ጭቃ ሱሪው ላይ እየጠረገ።

ፓስተር ዮአብ ወደ ማራኪ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዴት እንደሚተከሉ አንቺ ታውቂያለሽ አይደል? ቶሎ እንመልሳቸው። የሰማም ያየም የለም። ለጥምቀቱም፣ ላንቺም፣ ለልጆቹም ይሻላል።»

ማራኪ ወንዙን አየችው። ትችላለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም መትከል ትችላለች፤ ማንም አያውቅም። የስቴቱ ሰው ሰኞ መጥቶ የሞተ ቢያገኝ፣ «ሙቀት ነው፣ በሽታ ነው» ይባላል። ነገር ግን ማራኪ ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው ዲግሪ የላትም። ያላት አንድ ነገር ነው፦ ወንዝ ውስጥ ሆና ቁጥር ስትጠራ ዴብ ደግማ ሳትጠይቅ ትጽፋለች። የሌሎቹን ሁለቴ ታጣራለች፤ የማራኪን አታጣራም። ይህን ያገኘችው ዓመት ሙሉ ለፍታ ነው።

«ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እኔ ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም ብዬ አላውቅም። አሁን አልጀምርም።» ስልኳን አውጥታ ዴብን ኮል አደረገቻት።

«ዴብ፣ ዘጠና አራት ዛጎል ከውሃ ከወጣ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። ያወጡት የቤተክርስቲያኔ ሰዎች ናቸው፤ ምን እንደሆነ አላወቁም። ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ በፎቶ።»

ዴብ ወደ ጥያቄዋ ገባች።

«ጥላ አለ?»

«አለ።»

«እርጥብ ጨርቅ?»

ማራኪ ዞር ብላ አሥራ አንዱን ነጫጭ ቀሚሶች አየች። «አለ።»

«እኔ ሳላያቸው ውሃ ውስጥ እንዳትመልሺ። ካንቺ በቀር ማንም እንዳይነካቸው። አርባ ደቂቃ።» ዘጋችው።

ማራኪ እጇን አጨበጨበች። «ቀሚሶቹን አውልቁልኝ! ወንዝ ውስጥ ነክራችሁ፣ ጨመቅ አድርጋችሁ ስጡኝ!»

«የጥምቀቱን ቀሚስ?» አለች አንዷ፣ ደረቷን ይዛ። ቀሚሶቹ አዲስ ናቸው፤ ለዚህ ቀን ነው የተሰፉት።

እትዬ ላቀች ግን ማንንም አልጠበቁም። በራሳቸው በኩል ስበው አወለቁና ሰጧት። «ለመርጠብ አይደል እንዴ የተሰፋው? እንኪ!»

ከዚያ በኋላ ሁሉም አወለቁ። ማራኪ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች፣ ትልቁ የሲካሞር ዛፍ ጥላ ሥር አስተኝታ፣ በእርጥቡ ቀሚስ ሸፈነቻቸው። ሰዎቹ በባልዲ ውሃ እየቀዱ ያመጣሉ፤ እሷ ታርከፈክፋለች። ከፈት ያለውን በጣቷ ጫፍ ትነካዋለች። ከዘጋ ሕያው ነው። ካልዘጋ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። ለብቻው የተቀመጠው አንድ ነበር፤ ሦስት ሆነ፤ አምስት ሆነ። መዝሙሩ ከቆመ ቆይቷል። ሰዉ በከንፈሩ አብሯት ይቆጥራል።

እትዬ ላቀች በትር ተደግፈው አጠገቧ ቆመዋል። «ይቺኛዋ ጫፏ ላይ ጥርስ ያለው ለምንድን ነው?»

«ሴት ስለሆነች ነው።»

«ደግ አድርጋለች» አሉ እትዬ ላቀች።

ዘጠኝ ላይ ቆመ። ማራኪ ሁሉንም እንደገና ነካካች። ዘጠኝ ሞተዋል፤ ሰማንያ አምስት አፋቸውን ዘግተዋል። እስከ መቼ እንደሚቆዩ ግን ማንም አያውቅም።

ዴብ መኪናዋን አቁማ ስትወርድ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ጠርዙ የፈረሰውን መንገድ አየች፤ ውሃው ውስጥ ያሉትን ሦስት እርከኖች አየች፤ ጎንበስ ብላ አንዱን ቀሚስ ገለጥ አድርጋ መልሳ ሸፈነች። «ደረጃውን የሠራው ማነው?» አለች።

ማራኪ ተረጎመች። ጋሽ ግርማቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ወደፊት ወጡ። «እኔ ነኝ በያት። ልጅቷ አታውቅም ነበር በያት። የሚታሰር ካለ እኔ ነኝ፤ ልጆቹ የታዘዙትን ነው ያደረጉት።»

«ጥሩ ደረጃ ነው» አለች ዴብ። «ድንጋዮቹን ከየት ከየት እንዳነሳቸው ያስታውሳል? ዛጎሎቹ ያለ ድንጋዮቹ ጎርፍ አይችሉም። ትልልቆቹ ናቸው ውሃውን የሚሰብሩላቸው።»

ማራኪ ስትተረጉምላቸው ጋሽ ግርማቸው ተቀየሙ። «ግንበኛ አይደለሁ እንዴ? ግንበኛ ያነሳውን ድንጋይ ይረሳል? አረንጓዴው ፊቱ ወዴት ዞሮ እንደነበር ሁሉ እነግራታለሁ!»

ተናግረውም አልቀሩ። እርከኖቹን እያፈረሱ፣ ወጣቶቹን «ያንን ከታች! አይ፣ ዙረው፣ ዙረው! ጀርባው ወደ ድልድዩ ነበር» እያሉ፣ የወንዙን ወለል እንደነበረ መለሱት። ዴብ ያለፈውን ዓመት ፎቶ ስልኳ ላይ ከፍታ እያስተያየች ተከተለቻቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው፤ አንዴ እሷ ትክክል ነበረች፣ አንዴ እሳቸው።

ቀጥሎ የዛጎሎቹ ተራ ሆነ። «የትኛዋ የት እንደነበረች የሚያሳየው ሠንጠረዥ ቢሮ ነው፤ ሰው ልላክ» አለች ዴብ።

«አያስፈልግም» አለች ማራኪ። ቀሚሱን ገልጣ የመጀመሪያዋን አነሳች። «አርባ ሰባት፣ ሦስተኛ መስመር፣ ከግራ ሁለተኛ ካሬ። መቶ ሁለት፣ ከሷ ቀጥሎ። ስምንት፣ አንደኛ መስመር፣ ጥጉ ላይ፤ ይቺ ሚያዝያ ላይ አንድ ክንድ ወደ ታች ተንሸራታ ነበር፣ እዚያው እንተዋት።»

ዴብ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ደግማ አልጠየቀችም።

ሰማንያ አምስት ዛጎል ለሁለት ሰው ይበዛል፤ ፀሐዩም ይበረታል። ፐርሚቱ የዴብ ነውና፣ «እኔ ባለሁበት፣ እኔ እያየሁ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው አንድ ዛጎል» ብላ ፈቀደች። ማራኪ ወገቧ ድረስ ገብታ አስተማረቻቸው። «ሰፊው ጫፏ ወደ ላይ። እስከ አንገቷ ጠጠሩ ውስጥ።»

«ራስ ሳይኖራት አንገት አላት እንዴ?» አለ የኳየሩ ሰብሳቢ፣ ዛጎሏን በሁለት እጁ እንደ ብርጭቆ ይዞ።

«አንተስ ድምፅ ሳይኖርህ ትዘምር የለ? ዝም ብለህ ትከል!»

ሳቁ ወንዙን ሞላው። ከዚያ ጠዋት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። አንድ በአንድ ገቡ፤ ዛጎሉን ከማራኪ ተቀበሉ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ፣ ያሳየቻቸው ቦታ ላይ ተከሉ፣ በረገጡበት ተመልሰው ወጡ። ሲቲዝንሺፕ ያመለከተው ልጅ ብቻውን አሥራ አራት ተከለ። እትዬ ላቀች በሁለት ሰው ተደግፈው እስከ ወገባቸው ገብተው ሦስት ተከሉ። ሦስቱም ጥርስ ያላቸው እንዲሆኑ መርጠው ነው።

ሲጨርሱ ፓስተሩን ዞረው አዩ። «አሁን ተጠመቅኩ ማለት ነው?»

«ገና ነዎት እትዬ።»

«እንግዲያው ፍጠን ልጄ፣ በረደኝ።»

ዴብ ይህ ሲተረጎምላት ከድልድዩ በታች በጣቷ አመለከተች። እዚያ ወለሉ ጠፍጣፋ አለት ነው፤ ምንም አይበቅልበትም፣ ምንም አይኖርበትም። አሥራ አንዱ እዚያ ተጠመቁ፣ በእርጥብ፣ በተጨማደደ፣ አሸዋና የወንዝ ሽታ በጠገበ ቀሚስ። እትዬ ላቀች ከውሃው ሲወጡ ያወጡት እልልታ ጫካው ውስጥ ያሉትን ወፎች አስነሣ። ዴብ ዳር ቆማ እስከ መጨረሻው አየች።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ማራኪና ዴብ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሪፖርት መጻፍ አለብኝ» አለች ዴብ።

«አውቃለሁ።»

«ስምሽ ይገባበታል።»

«ፎቶውንም አያይዢበት። ጥፋቱ ድልድዩን ማሳየቴ ነው።»

«ሌላ ቮለንቲር ቢሆን ዛሬውኑ ነበር የማሰናብተው።»

«እኔንስ?» አለች ማራኪ። አገጯን ቀና አድርጋለች።

«አንቺን ሰኞ ጠዋት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዛጎሎቹ ይወስኑ።»

እሑድ ጋሽ ግርማቸው ሦስት ጊዜ ደወሉ። «ሞቱ?» ይላሉ፤ «ገና አልተቆጠሩም ጋሼ» ትላለች። «እኔ ድንጋዩን በደንብ ነው ያስቀመጥኩት» ይላሉ። «በደንብ ነው ጋሼ» ትላለች። አራተኛውን ሲደውሉ ምንም አልጠየቁም፤ «እየጸለይን ነው» ብለው ዘጉት። ለዛጎል ሲጸለይ በዚያ ቤተክርስቲያን ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ የስቴቱ ሰው መጣ። ረጅም፣ ራሰ በራ፣ የዴብን ሪፖርት በላስቲክ አድርጎ የያዘ ሰው ነው። ዳር ላይ ተቀመጠና ቆጠራው ተጀመረ። ማራኪ ታቹ መስታወት የሆነ ባልዲ ውሃው ላይ አስደግፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ መስመር በመስመር ሄደች። ስታገኝ ቁጥሩን ትጠራለች፤ ሕይወት እንዳላት በጣቷ ታረጋግጣለች፤ ዴብ ትጽፋለች። አራት ሰዓት ፈጀ። ወገቧ ደንዝዞ እንጨት ሆነ፤ ቀና አላለችም።

መቶ ሠላሳኛዋ ስትገኝ የዴብ እስክሪብቶ ቆም አለች፤ ቀጠለች። መጨረሻው መቶ አርባ አንድ ሆነ።

የስቴቱ ሰው ቁጥሩን ከዴብ ተቀብሎ ሁለቴ አየው። ከዚያ ሪፖርቱን አነሳ። «ይህን አንብቤዋለሁ» አለ። «ሰው ሲያጠፋ ይደብቃል፤ እኔ የምመጣው ሁሉም ነገር ከሞተ በኋላ ነው። ራሱ ደውሎ የተናገረ ገጥሞኝ አያውቅም። ቅዳሜ የደወለችው ማናት?»

ዴብ በአገጯ ወደ ወንዙ አመለከተች።

«ስድስት መቶው ሲመጣ ተከላውን ማን ይመራል?»

ዴብ አሁንም አገጯን ከዚያው አላነሳችም።

ሰውየው ደስ አለው። ማስታወሻውን ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ በረጅም የጎማ ጫማው ውሃውን እየሰነጠቀ፣ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ወደ ማራኪ መጣ። ማራኪ ግን እጁን አላየችም። ዓይኗ እግሩ ላይ ነበር።

«እግርዎን ያንሱ!» አለች።

«ምን?»

«ቀኙን! ስልሳ ሦስት ላይ ቆመዋል።»

የስቴቱ ሰው ቀኝ እግሩን ብድግ አድርጎ፣ እጁን እንደዘረጋ፣ በአንድ እግሩ ወንዙ መሀል ቀረ። ወዴት እንደሚያሳርፈው አያውቅም። ዴብ ፊቷን ወደ ጫካው አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይርገፈገፋል።

ማራኪ ባልዲዋን በብብቷ ይዛ ቀና አለች። የተዘረጋውን እጅ ጨበጠችና፣ እንዳይወድቅ አጥብቃ ያዘችው።

«አሁን ወደ ግራ» አለችው። «ቀስ ብለው። እኔ የረገጥኩበትን ብቻ ይርገጡ።»